ባትሪውን ማን ገደለው?
(ስለ መኪና ባትሪ መድከምና ስለ ዋስትና ወረቀቱ)

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. አንድ ቀን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እናቴን ይዤ ወደ ሆስፒታል ልወጣ ነው፡፡ ቀጠሮውን ያገኘነው ሦስት ወር ጠብቀን ስለሆነ ካርድ ክፍሉ ደጃፍ ቀድሞ መገኘት የግድ ነበር፡፡ እናቴ ጋቢዋን ደራርባ ከኋላ ወንበር ተመቻችታ ተቀምጣለች፡፡ ቁልፉን አዞርኩት፡፡ «ቀጭ» አለና ዝም፡፡ ደገምኩት፡፡ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ…» የዳሽቦርዱ መብራት እንደሚያልቅ ሻማ ፈዘዘና ጠፋ፡፡

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት፤ ማርሿ አውቶማቲክ ስለሆነ ሰፈርተኛ ጠርቶ «ግፉልኝ!» ማለት አይሠራም፡፡ የሚኒባስ ሾፌር የሆነው ጎረቤቴ ተነስቶ በገመድ እስኪያስነሳልን ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ፡፡ ሆስፒታል ስንደርስ የዕለቱ ተራ ሞልቷል፡፡ ለየካቲት ተቀጠረልንና ተመለስን፡፡

የሚያናድደው ባትሪው አሮጌ አለመሆኑ ነው፡፡ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከወር ደመወዜ ከግማሽ በላይ አውጥቼ የገዛሁት፣ ገና ስምንት ወሩ የሆነ ባትሪ ነው፡፡ «የ12 ወር ዋስትና» የሚል ካርድም አብሮ ተሰጥቶኛል፡፡ ስለዚህ ብዙም አልተጨነቅኩም፤ በዚያው ቀን ካርዴን ይዤ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ሄድኩ፡፡ ዋስትና የሚባለው ነገር ምን ያህል ቀጭን ገመድ እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ ስለ ባትሪ ያልጠየቅሁት ባለሙያ የለም፡፡ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ፡፡

የነጣው ደረሰኝ

ሱቁ ውስጥ የተቀበለችኝ ልጅ ትሁት ናት፡፡ «ጋሼ፣ ደረሰኙን ይዘውታል?» አለችኝ፡፡ ከመኪናው ኪስ አውጥቼ ሰጠኋት፡፡ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው፤ ገልብጣም አየችው፡፡ ባዶ ነው! የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ደረሰኝ የሚታተመው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ስለሆነ ሙቀትና ፀሐይ ሲያገኘው ጽሑፉ ይጠፋል፡፡ እኔ ደግሞ ስምንት ወር ሙሉ የፊት መስታወቱ ሥር አስቀምጬዋለሁ፡፡ የዋስትና ካርዱ ላይ ማኅተም አለ፤ የሽያጭ ቀን የሚጻፍበት መስመር ግን ባዶ ነው፡፡ ስገዛ ማንም አልጻፈበትም፤ እኔም ይጻፍልኝ አላልኩም፡፡

በዚህ መሃል ባለሱቁ ቴስተር ይዞ ወጣና ባትሪውን ለካው፡፡ «12 ነጥብ 1» አለ፡፡ «ወንድሜ፣ ይሄ ባትሪ አልተበላሸም፤ ርቦታል፡፡ መኪናህ አያበላውም ወይም ሌሊት እየበላው ነው፡፡ ባትሪውን የገደልከው አንተ ነህ፡፡ ዋስትናው ይህንን አይሸፍንም፡፡»

ተጨቃጨቅን፡፡ እኔ ዋስትና ማለት «ከ12 ወር በፊት ከሞተ ይቀየራል» ማለት ነው ብዬ ነበር የማምነው፡፡ እሱ ደግሞ «ከፋብሪካ የመጣ ጉድለት ካለበት ይቀየራል» ይላል፡፡ ካርዱን ገልብጬ በትናንሹ የተጻፈውን ሳነብ እውነቱ ከእሱ ጋር ነው፡፡

የባትሪ ዋስትናዎች አገላለጻቸው ይለያይ እንጂ በአብዛኛው የሚሸፍኑት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የውስጥ ሾርት፣ የተበጠሰ የውስጥ መገናኛ፣ ኃይል መያዝ ያቃተው ክፍል፣ በአጠቃላይ ከአሠራር የመጣ ጉድለት፡፡ ባዶውን ቆይቶ የደረቀ፣ ከመጠን በላይ ቻርጅ ተደርጎ የተቃጠለ፣ ሣጥኑ የተሰነጠቀ፣ ውሃው ያለቀበት፣ ለመኪናው የማይመጥን መጠን የተገጠመ ከሆነ አይሸፈንም፡፡ ታክሲና የንግድ ተሽከርካሪ ላይ ከተገጠመ ደግሞ ጊዜው በግማሽ የሚያጥርበት አለ፡፡ ጎረቤቴ ይህንን የሰማው ከእኔ ነው፤ ለሚኒባሱ በገዛው ባትሪ ካርድ ላይ ተጽፎ እያለ አንብቦት አያውቅም ነበር፡፡

ስለዚህ የዋስትና ክርክር መቼ ሞተ የሚል ክርክር አይደለም፤ ማን ገደለው የሚል ነው፡፡ ለዚህ መልስ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል፡፡ ያን ዕለት ባትሪዬን ተሸክሜ (ክብደቱን የተሸከመ ያውቀዋል) ወደ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሄድኩ፡፡ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው፡፡

ሳጥኑ ውስጥ ምን አለ?

ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መለካት አይደለም፤ አስቀምጠው ማስተማር ጀመሩ፡፡

የመኪና ባትሪ አንድ ነገር ይመስላል እንጂ ስድስት ነው፡፡ ሳጥኑ በስድስት ክፍል ተከፍሏል፤ እያንዳንዱ ክፍል 2 ነጥብ 1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ስድስቱ ሲደመሩ 12 ነጥብ 6 ይሆናል፡፡ በየክፍሉ የእርሳስ ሳህኖች ተደርድረው ሰልፈሪክ አሲድና ውሃ ተቀላቅሎ ተሞልቶባቸዋል፡፡ ይህንን ዓይነት ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው፡፡ መኪና ላይ የግድ የሆነው ግን ካዲላክ በቻርለስ ኬተሪንግ የተሠራውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ በ1912 እ.ኤ.አ. ካስገባ በኋላ ነው፡፡ ከዚያ በፊት ሞተር የሚነሳው በእጅ መዘውር ነበር፡፡

ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ ከእርሳሱ ጋር ይዋሃዳል፤ ሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት የሚባል ነጭ ነገር ይለብሳል፤ የቀረው ፈሳሽ እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይጠጋል፡፡ ቻርጅ ሲደረግ ሰልፌቱ ሟሙቶ አሲዱ ይመለሳል፡፡ ችግሩ ባትሪው ባዶውን ወይም ግማሹን ይዞ ለቀናትና ለሳምንታት ሲቀመጥ ነው፡፡ ያ ነጭ ነገር ይጠጥርና እንደ ድንጋይ ይሆናል፡፡ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢደረግ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፡፡ «ባትሪ የሚያረጀው በሥራ ብቻ እንዳይመስልህ፤ በረሃብም ያረጃል» ይላሉ ጋሼ፡፡

ሙቀትና ብርድም የየራሳቸው ሥራ አላቸው፡፡ ሰው «ብርዱ ባትሪዬን ገደለው» ይላል፡፡ ብርድ ባትሪ አያረጅም፤ ለጊዜው ያዳክመዋል፤ ሞተሩንም በወፈረ ዘይት ያከብደዋል፡፡ የሚያረጀው ሙቀት ነው፡፡ በግምት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል የባለሙያ ልማድ አለ፡፡ አዋሽ፣ ሰመራና ድሬዳዋ ሲመላለስ የሚውል መኪና ባትሪ አዲስ አበባ ከሚውለው ቀድሞ ያልቃል፡፡ የአዲስ አበባው ደግሞ ድካሙ የሚታወቀው ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ላይ ነው፤ ብርዱ ያጋልጠዋል እንጂ እሱ አይደለም ያደከመው፡፡

ሦስቱ ተጠርጣሪዎች

መኪና «ቀጭ» ብላ ስትቀር ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል፡፡ አንዱ ባትሪው ራሱ ነው፡፡ ሁለተኛው ቻርጅ የሚያደርገው ዲናሞ ከነቺንጋው፡፡ ሦስተኛው መኪናው ቆሞ ሳለ ሌሊት በድብቅ የሚበላ ነገር፡፡ (የላላ ወይም የዛገ የባትሪ ማሰሪያ፣ ወይም ሞተሪኖው ራሱም ሊሆን ይችላል፤ ማሰሪያውን በእጅ ነቅነቅ አድርጎ ማየት ከሁሉ ይቀድማል፡፡ ምንም ወጪ የለውም፡፡)

ሦስቱም ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፡፡ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፡፡ ዲናሞው ደክሞ ሳለ ባትሪ ይገዛል፤ አዲሱ ባትሪ ለጥቂት ሳምንታት በራሱ ጉልበት ያስነሳል፤ ከዚያ እሱም ይሞታል፤ ባለቤቱ ሻጩን ይሰድባል፡፡ ሻጩም በየዕለቱ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ ስለሚመጣበት እውነተኛ ጉድለት ይዞ የመጣውንም አያምንም፡፡

መለኪያው ውድ አይደለም፡፡ ቴስተር ማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ይገኛል፡፡ ዋናው ነገር መቼ እንደሚለካ ማወቅ ነው፡፡ ሞተር እንደጠፋ ወዲያው ከለካችሁት ባትሪው ላይ የቀረ የላይ ላይ ኃይል ስላለ ውሸት ይነግራችኋል፡፡ መኪናው ሲያድር ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ለኩ፡፡ 12 ነጥብ 6 ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፡፡ 12 ነጥብ 4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12 ነጥብ 2 ግማሽ ገደማ፣ 12 ደግሞ ሩብ ገደማ ነው፡፡ ልብ በሉ፤ «12 ቮልት አለው» ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሊያልቅ ነው ማለት ነው፡፡

ከዚያ ሞተሩን አስነሱና እንደገና ለኩ፡፡ ከ13 ነጥብ 8 እስከ 14 ነጥብ 5 ባለው ውስጥ ከሆነ ዲናሞው በአብዛኛው ሥራውን እየሠራ ነው፡፡ ከ13 ነጥብ 5 በታች ከሆነና ነዳጅ ሰጥታችሁ መብራት አብርታችሁም ካልወጣ፣ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ይታይ፡፡ ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን እያፈላው ነው፤ ውሃው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅበት መኪና ይህንን ይመርመር፡፡ አዲሶቹ መኪኖች አንዳንዶቹ ዲናሞውን በኮምፒውተር ስለሚያዙት ለነዳጅ ቁጠባ ብለው ዝቅ የሚያደርጉበት ጊዜ አለ፤ ያንን አይቶ መደንገጥ አይገባም፡፡

እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ልናገር፡፡ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚል መካኒክ አለ፡፡ በድሮ መኪና ያስኬድ ይሆናል፡፡ ኮምፒውተር ባለው መኪና ላይ ግን ገመዱ ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ይዘልና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃውን ሊያቃጥል ይችላል፡፡ እጁን ያዙት፡፡

የእኔ መኪና ዲናሞ 14 ነጥብ 1 አሳየ፡፡ ጋሼ «ይሄ ንጹሕ ነው» አሉና ወደ ሦስተኛው ተጠርጣሪ ሄዱ፡፡

ሌሊት የሚበላው

መኪና ቆማም ትንሽ ትበላለች፡፡ ሰዓቱ፣ አላርሙ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይቀምሳሉ፡፡ በአጠቃላይ ከ50 ሚሊአምፒር ካልበለጠ ጤና ነው፡፡ የሚለካው ቴስተሩን ወደ አምፒር አዙሮ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቅሎ በመሃል በማስገባት ነው፡፡ በሩ ተዘግቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ፣ መኪናዋ እስክትተኛ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል፡፡ ቴስተሩ በአምፒር ላይ እያለ መኪናውን ለማስነሳት እንዳትሞክሩ፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል፡፡

የእኔ 300 ሚሊአምፒር አሳየ፡፡

«ትንሽ ነው» አልኩ እኔ ጅሉ፡፡ ጋሼ ስክሪብቶ አወጡ፡፡ ባትሪዬ 45 አምፒር-ሰዓት ነው፡፡ በ12 ሰዓት ሌሊት ውስጥ 3 ነጥብ 6 አምፒር-ሰዓት ይሄዳል፡፡ ሞተሪኖ መኪና ሲያስነሳ 150 አምፒር ለሦስት ሴኮንድ ቢስብ የሚወስደው አንድ ስምንተኛ አምፒር-ሰዓት ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ በአንድ ሌሊት የሚፈስሰው መኪናዬን ወደ 30 ጊዜ ሊያስነሳ የሚችል ኃይል ነው ማለት ነው! መኪናዋ አምስት ቀን ብትቆም 36 አምፒር-ሰዓት አለቀ፤ ለማስነሳት የሚተርፍ የለም፡፡

ወንጀለኛው የተገኘው ፊውዞቹን አንድ በአንድ በመንቀል ነው፡፡ የራዲዮው ፊውዝ ሲነቀል ቁጥሩ ወደ 30 ወረደ፡፡ ሌላ ቦታ ያስገጠምኩት ራዲዮ ነው፤ ገጣሚው ቁልፍ ሲዘጋ እንዲጠፋ የሚያደርገውን መስመር ትቶ በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝቶታል፡፡ ፊቱ ይጠፋል፤ ውስጡ ግን አይተኛም፡፡ አላርም፣ የመከታተያ ጂፒኤስ፣ ካሜራ፣ ተጨማሪ መብራት ያስገጠመ ሁሉ ይህንን ይጠርጥር፡፡

በዚህ ላይ የአዲስ አበባን ጉዞ ጨምሩበት፡፡ ከቤቴ እስከ መሥሪያ ቤቴ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሹ መጨናነቅ ውስጥ መቆም ነው፡፡ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም፤ እኔ ግን የፊት መብራት፣ የመስታወት መጥረጊያና ራዲዮ አብርቻለሁ፡፡ ሌሊት የጠፋውን ቀን አይተካውም፡፡ ባትሪው ስምንት ወር ሙሉ እየተራበ ኖሯል፡፡

ስለዚህ ባለሱቁ እውነቱን ነው አልኩ፡፡ አፈርኩ፡፡ ራዲዮው ተስተካከለ፤ እኔም አዲስ ባትሪ ልገዛ ኪሴን መዳሰስ ጀመርኩ፡፡ ጋሼ ግን «ቆይ፣ አንተ ልጅ፤ ችሎቱ አልተዘጋም» አሉኝ፡፡

አምስቱ ጠግበው አንዱ የተራበበት

ባትሪውን በዝግታ ቻርጅ ላይ አዋሉት፣ አሳደሩት፡፡ በዝግታ ማለት በአቅሙ አንድ አሥረኛ ገደማ፣ ለ45ቱ 4 ወይም 5 አምፒር፡፡ በየመንገዱ «በግማሽ ሰዓት እንሞላልሃለን» የሚባለው ፈጣን ቻርጅ ለማስነሳት ያህል እንጂ የተራበን ባትሪ አይፈውስም፤ ያሞቀዋል፡፡ በማግስቱ ቻርጁ ተነቅሎ ለሰዓታት ካረፈ በኋላ ተለካ፤ 12 ነጥብ 5፡፡ በእኔ ዓይን ድኗል፡፡

ጋሼ ግን በቴስተር ብቻ አይፈርዱም፡፡ የባትሪዬ ክዳኖች የሚከፈቱ ስለሆኑ ስድስቱንም ከፈቱና ሃይድሮሜትር አመጡ፡፡ ይህ የፈሳሹን ጥግግት የሚለካ ባለ ጎማ የመስታወት መሣሪያ ነው፤ ከእያንዳንዱ ክፍል ፈሳሽ ይመጠጣል፤ ውስጡ ያለው ተንሳፋፊ ቁጥሩን ያሳያል፡፡ ሙሉ ቻርጅ ያለው 1 ነጥብ 265 አካባቢ ያሳያል፤ ግማሽ ያለው 1 ነጥብ 190፡፡ የእኔ አምስቱ ክፍሎች 1 ነጥብ 260 እና 1 ነጥብ 265 አሳዩ፡፡ ሦስተኛው ግን 1 ነጥብ 130 ላይ ቀረ፡፡ በክፍሎች መካከል ከ0 ነጥብ 050 በላይ ልዩነት ካለ ያ ክፍል እንደ ተበላሸ ይቆጠራል፡፡ የእኔ ከዚያ እጥፍ በላይ ነው፡፡

ቀጥሎ ጭነት ሰጡት፡፡ ጭነት መፈተሻው ከባትሪው ብዙ አምፒር እየሳበ ቮልቱን ያሳያል፤ ደህና ባትሪ በ15 ሴኮንድ ውስጥ ከ9 ነጥብ 6 በታች መውረድ የለበትም፡፡ የእኔ ወደ 8 ነጥብ 4 ወረደ፡፡

«አየህ» አሉ ጋሼ፣ «ራዲዮህ ቢሆን ኖሮ ስድስቱንም እኩል ነበር የሚያስርባቸው፡፡ ስድስቱ በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ ናቸው፤ ከአንዱ የሄደው ከሁሉም ይሄዳል፡፡ አምስቱ ጠግበው አንዱ ብቻ ከተራበ ያ ከመኪናው አይደለም፤ ከራሱ ከባትሪው ነው፡፡»

ለእኔ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ፍሬ ነገር ይህቺ ናት፡፡ ሻጭ «አንተ ነህ የገደልከው» ሲላችሁ የምትጠይቁት ጥያቄም ይኸው ነው፤ ስድስቱም ደክመዋል ወይስ አንዱ? ስድስቱም በእኩል ከደከሙ የመኪናችሁን ቤት መርምሩ፡፡ አንዱ ብቻ ከሆነ ባትሪውን ይዛችሁ ተመለሱ፡፡ (አንድ ክፍል ብቻ ውሃ ጎድሎበት ከተገኘ ግን ሻጩ እሱን ያነሳባችኋል፡፡) ክዳኑ የማይከፈተው፣ ብዙዎቻችን «ደረቅ ባትሪ» የምንለው (ውስጡ ፈሳሽ ያለው ብዙ ነው)፣ በሃይድሮሜትር ሊለካ አይችልም፤ ለእሱ ማስረጃ የሚሆነው ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ የሚደረገው የጭነት ፈተና ነው፡፡ ሻጩ ባልሞላ ባትሪ ላይ ቢፈትን ግን ውጤቱ ለማንም አይሆንም፤ ባዶ ሆድ ያለው ሁሉ ይወድቃል፡፡

ወደ ሱቁ መመለስ

ጋሼ የስድስቱን ቁጥር በወረቀት ጽፈው፣ ቀን አኑረው፣ የጋራዣቸውን ማኅተም መቱልኝ፡፡ ባትሪው ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥርም ጻፉ፡፡ ያዳነኝ እሱ ነው፡፡ ልጅቷ በዚያ ቁጥር መዝገባቸውን ፈልጋ ሽያጩን በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አገኘችው፡፡ ባለሱቁ ወረቀቱን አነበበ፤ የራሱን ሃይድሮሜትር አምጥቶ ሦስተኛውን ክፍል ለካ፡፡ ዝም አለ፡፡ ከዚያ «እሺ ወንድሜ፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው» አለኝ፡፡

ድርድሩ ግን አላለቀም፡፡ መጀመሪያ ያቀረበልኝ ስምንቱን ወር ስለተጠቀምኩበት የአራቱን ወር ዋጋ ብቻ፣ ማለትም ሲሶውን፣ ቀንሶ አዲስ ሊሸጥልኝ ነበር፡፡ ይህ አሠራር በባትሪ ንግድ ውስጥ ያለ ነው፡፡ አንዳንድ ዋስትና ሙሉ በሙሉ መቀየር ይላል፤ አንዳንዱ እንዲህ በወር እየተሸረፈ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ወራት ሙሉ፣ የቀሩትን በሽርፍ ያደርጋል፡፡ የእኔ ካርድ ላይ «ይቀየራል» እንጂ «ይቀነሳል» የሚል ቃል አልነበረም፡፡ ጣቴን ቃሉ ላይ አድርጌ አሳየሁት፡፡ ተቀየረልኝ፡፡ ነገር ግን አዲሱ ባትሪ ዋስትናው እንደ አዲስ 12 ወር አይቆጠርለትም፤ ከመጀመሪያው የቀረው አራት ወር ብቻ ነው፡፡ ይህንንም ካርዱ ይላል፡፡ እኔ ግን ቀድሜ አላየሁትም፡፡

ካርዱ ባይኖርስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበትና በውሉ መሠረት የሆነ ለመሆኑ ለገዢው ዋስ ነው ይላል፡፡ ገዢውም ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፡፡ «ሳይዘገይ» የምትለዋ ቃል ከባድ ናት፡፡ ባትሪው ማቃሰት ከጀመረ በኋላ ወር ሙሉ በገመድ እያስነሱ መቆየት ባትሪውንም ክርክሩንም ይገድላል፡፡ ሄዳችሁ ንገሩ፤ ብትችሉ በጽሑፍ፡፡

ስትገዙ

አሁን ስገዛ የማደርገውን ልንገራችሁ፡፡ «ያለ ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶውን ልተውልዎ» የሚል ሻጭ አለ፡፡ የሚተውላችሁ ታክሱን ብቻ አይደለም፤ ማስረጃችሁንም ነው፡፡ ደረሰኙን በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ አስነሱ ወይም በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ዋናውን ከፀሐይ አርቁት፡፡ ካርዱ ላይ ቀኑን፣ የባትሪውን መለያ ቁጥርና የመኪናውን ሰሌዳ ሻጩ በእጁ ይጻፍ፡፡

ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያልቃል፡፡ የተሠራበት ወርና ዓመት በሳጥኑ ላይ ወይም በጫፉ ላይ ስለሚቀረጽ አስነብቡት፤ ዓመት የቆየውን ለባለቤቱ ተዉለት፡፡ ሳትከፍሉ በፊት በቴስተር አስለኩ፤ ከ12 ነጥብ 4 በታች ከሆነ ሌላ ይምጣ፡፡ መጠኑንም አታሳንሱ፡፡ በጃፓን አሠራር «55 ዲ 23 ኤል» ተብሎ ከተጻፈ 55ቱ የጉልበት ደረጃ ነው፤ ዲ የወርዱና የቁመቱ፤ 23 ርዝመቱ በሴንቲ ሜትር፤ ኤል ደግሞ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ በየትኛው ጎን እንዳሉ የሚነግር ነው፡፡ «አር» ብትገዙ ገመዱ አይደርስላችሁም፡፡

ውሃ ሲጎድልበት የሚጨመረው የባትሪ ውሃ፣ ማለትም የተጣራ ውሃ ነው፡፡ የቧንቧም የታሸገ የመጠጥ ውሃም ውስጣቸው ማዕድን ስላለ ሳህኖቹን ያበላሻል፡፡ አሲድ ከቶ አይጨመርም፤ የሚተንነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም፡፡ ይህንን ያላወቀ ወዳጄ «ጉልበት ይሰጠዋል» ብሎ አሲድ ጨምሮበት ባትሪውንም ዋስትናውንም በአንድ ቀን አጥቷል፡፡

በገመድ ስታስነሱ ቅደም ተከተሉ አለ፡፡ ቀዩን ገመድ መጀመሪያ የሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ጫፉን የደህናው ፖዘቲቭ ላይ፤ ጥቁሩን የደህናው ኔጌቲቭ ላይ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ በሞተሩ ብረት ላይ፡፡ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ይተፋል፤ የመጨረሻው ብልጭታ እዚያ አጠገብ ከሆነ ሊፈነዳና አሲዱን ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል፡፡ ሲጋራም አይታሰብም፡፡ አሲድ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ በብዙ ውሃ ሳታቋርጡ ታጠቡ፤ ዓይን ከሆነ ከዚያ ወደ ሐኪም፡፡

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ወዳጆቼ «እኛን አይመለከተንም» ይሉኛል፡፡ ይመለከታችኋል፡፡ አብዛኞቹ ከትልቁ ባትሪ ሌላ አንዲት ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሷ ስትሞት ትልቁ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አይነቃም፤ በር የማይከፈትበትም አለ፡፡ የእሷ ዋስትና ደግሞ ከትልቁ ተለይቶ አጭር ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ጠይቁ፡፡

አሮጌውን ባትሪ ዋስትናው እስኪጣራ ድረስ ለቆራሌው አትስጡ፤ ሻጭ ዕቃውን ሳያይ አይቀይርም፡፡ ዋስትና የሌለውንም ቢሆን አብዛኞቹ ባትሪ ሻጮች ከአዲሱ ዋጋ ቀንሰው ይወስዱታል፡፡ ግቢ ውስጥ መሰባበርና አሲዱን መሬት ላይ መድፋት ግን ይቅር፡፡ እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ አፈር ላይ ለሚጫወቱ ሕፃናት፡፡

የተቀየረልኝ ባትሪ ላይ ቀኑን በማይለቅ ቀለም ጽፌበታለሁ፡፡ በየወሩ መጀመሪያ ማለዳ እለካውና በማስታወሻ ደብተር አሰፍረዋለሁ፤ አራቱ ወር ካለቀ ቆይቷል፤ እስካሁን ከ12 ነጥብ 6 አልወረደም፡፡ በየካቲቱ ቀጠሮ ማለዳ እናቴ ወደ መኪናው ከመግባቷ በፊት ጋቢዋን ይዛ ደጃፍ ቆመች፡፡

«ልጄ፣ መጀመሪያ አስነሳትና ልግባ» አለችኝ፡፡